ጠዋት የሚኮመጥጥ ቅጠል

ከ200 ዓመት በፊት ደቡብ ሕንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው የዕጽዋት ተመራማሪ ቤንጃሚን ሄይን የአንድን ተክል ወፍራም ቅጠል በተለያየ ሰዓት እየቀነጠሰ ቀመሰ። ጠዋት ሲቀምሰው ክፉኛ ይኮመጥጣል። እኩለ ቀን ላይ ጣዕም የለውም። ወደ ማታ መረር ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ምራቁን ተፍቶ በረሳው ነበር፤ ሄይን ግን በደብዳቤ ጻፈው፤ ደብዳቤውም በ1815 እ.ኤ.አ. በሊኒየስ ማኅበር መጽሔት ታተመ።

ያ ተክል የኛው እንዳሁላ የቅርብ ዘመድ ነው። ዛሬ ሁለቱም ካላንኮ በሚባለው ወገን ይመደባሉ።

የሚኮመጥጠው ነገር ምን እንደሆነ ሳይንስ ኋላ ላይ ደረሰበት። አብዛኛው ተክል በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ቀን ከፍቶ አየር ያስገባል፤ በዚያው ቀዳዳ ውሃው እየተነነ ይወጣል። የሄይን ተክል ግን ፀሐይ ስትበረታ ቀዳዳውን ይዘጋል። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል፣ ማሊክ አሲድ አድርጎም በቅጠሉ ውስጥ ያጠራቅመዋል። አረንጓዴ ፖም ስንገምጥ ጥርሳችንን የሚያጠርሰው ይኸው አሲድ ነው። ሲነጋ ተክሉ ያጠራቀመውን በብርሃን ኃይል ምግብ ያደርገዋል፤ ቅጠሉም ኮምጣጣነቱን ያጣል። ልኩ እንደየዝርያው ቢለያይም፣ ይህ ዘዴ በእንዳሁላ ቤተሰብ ውስጥ በሰፊው ይታያል።

እንዳሁላን ግቢው ውስጥ መትከል የሚሻ ሰው ይህን ካወቀ ውሃ የሚያጠጣበት እጁ ይቆጠባል። ውሃውን በቅጠሉ ይዞ የሚኖርን ተክል እንደ ጎመን በየማታው ካጠጡት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ክረምት ላይ ውሃ በሚቋጥር ዋልካ አፈር ውስጥማ ዝናቡ ብቻውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ተዳፋት ቦታ ወይም የካብ ጥግ ይመረጥለት፤ አፈሩም ጠጠርና አሸዋ ይደባለቅበት። ለመትከል ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ፣ የታች ቅጠሎቹን መልምሎ፣ የተቆረጠው ጫፍ ደርቆ ስስ ቆዳ እስኪያወጣ ድረስ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እርጥብ ቁስሉን ይዞ አፈር ከገባ ብስባሴ ይጀምረዋል። ከዚያ በኋላ ጣት ይፍረድ፤ ቅጠሉ ሲዳሰስ ጠንከር ካለ ውሃ አልጎደለውም፣ ለስልሶ ከተጨማደደ ግን ሥሩን በደንብ አርሶ እንደገና መተው ነው።

ደጋችን ራሱ ያበቀለው፣ ድንጋይ ላይ ቆሞ በጋውን የሚሻገር ተክል እያለ የብዙ ከተማ ግቢ በየቀኑ ውሃ በሚጠይቅ የፈረንጅ ሣር መሸፈኑ ያሳዝነኛል። የእንዳሁላ ቅጠል ቁስል ላይ እንደሚደረግ የሚያውቁ አያቶች ያሉበት ሀገር ነው ይህ!

የሄይንን ሙከራ በምላስ መድገም ግን አይገባም። ከካላንኮ ዝርያዎች አንዳንዶቹ ልብን የሚጎዳ መርዝ አላቸው፣ ከብትም ይገድላሉ። ላም ወይም በግ ያለው ሰው እንስሶቹ በማይደርሱበት በኩል ይትከለው።