ባለ አንበሳው ማሾ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ፣ ጣርማ በርን ወርዶ ደብረ ሲናን ያለፈ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ያስቀምጣል። ደጋው ከኋላ ቀርቷል፤ የይፋት ቆላ ጀምሯል። ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ገና በቅጡ ሳይቆም መስኮቱ በማንጎና በፓፓያ ይከበባል። እዚህ አገር ምርት ስለ ራሱ ሲመሰክር የኖረው በገዛ አካሉ ነው። ማንጎው ይዳበሳል፣ ይሸተታል፣ ዋጋው ያከራክራል። ሻጩም እዚያው ቆሞ ይታያል፤ ያጭበረበረ እንደሆነ ነገም የሚገኘው እዚያው ነው።

በዚህ አገር አንዲት እህትና አንድ ወንድም ነበሩ። ከአባታቸው የወረሱትን መሬት እኩል ተካፍለው ሁለቱም ማሾ ይዘራሉ። ማሾ ቶሎ የሚደርስ፣ ዝናብ ሲያጥርም የማይከዳ እህል ስለሆነ የአካባቢው ገበሬ ይወደዋል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ከጀመረ ወዲህማ ፈላጊው በዝቷል። ችግሩ ጆንያው መጋዘን ሲገባ ነው። በደረጃ ይመደባል፣ ከመሰሎቹ ጋር ይደባለቃል፤ ከዚያ በኋላ የማን ማሳ እንዳበቀለው የሚጠይቅ የለም። አባታቸው ዕድሜ ልኩን የተመሰገነ ማሾ አምርቶ፣ ስሙ ከሰፈሩ ሳይሻገር ሞተ።

ይህ ልጆቹን ቆጫቸው። ከምርታቸው ጥቂቱን አበጥረው፣ ለቅመው፣ አንድ አንድ ኪሎ እያሸጉ ሊሸጡ ተማከሩ።

“እትዬ፣ ስሙ ግን ለየብቻችን ይሁን” አለ ወንድም።

“ይሁን። ስቲከሩን ግን አንድ ቦታ እናሠራው፤ ይረክስልናል።”

መናኸሪያው አጠገብ የሠርግ ጥሪና የሱቅ ታፔላ የሚሠራ አንድ ወጣት ነበር። ሁለቱም ወደ እሱ ሄዱ።

ወንድም ሐሳቡን ጨርሶ ነበር የመጣው። “ዙሪያው ወርቃማ ይሁን። ከበስተኋላ የጣርማ በር ተራራ፣ ከፊት አረንጓዴ ማሳ፣ መሀል ላይ አንበሳ።”

“ጋሼ፣ አንበሳ ማሾ ይበላል እንዴ?”

“ሰው የሚገዛው በዓይኑ ነው፤ አንተ ብቻ ሣል።”

እህት ደግሞ ከደብተር የተቀደደ ቅጠል ይዛ መጣች። የአባቷ ታሪክ፣ የማሾ አሠራር፣ ለማን ለማን እንደሚስማማ፣ በመጨረሻም ምርቃት፤ ሁሉም በደቃቅ ጽሕፈት ሰፍሯል። ወጣቱ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

“እትዬ፣ ይህን ሁሉ መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ ባሰፍረው አንዱም አይነበብም። ገዢው ባንኮኒው ማዶ ቆሞ ነው የሚያየው። ዕቃዎ ከብዙ ዕቃ ጋር ተደርድሯል። ከዚያ ርቀት ስሙ ካልተነበበ ስም አላወጡም ማለት ነው። ስሙን እናግዝፈው፣ ክብደቱን ከሥሩ እናድርግ፣ ሌላውን ወደ ጀርባው እንውሰድ። የላስቲኩ ፊት ደግሞ ሳይሸፈን ይቅር፤ ማሾው ራሱ ይታይ።”

ለወንድምም ምክር አልነፈገውም። “ጋሼ፣ አረንጓዴ የሚታተመው ሰማያዊና ቢጫ ተደርበው ነው። የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ቀድሞ የሚያጠፋው ቢጫውን ነው። ሱቅ በር ላይ የከረመ ማሳ ሰማያዊ ይሆንብዎታል።”

“እስኪጠፋ ድረስ ተሸጦ ያልቃል” አለ ወንድም።

ክርክሩ የጠናው ግን ወጣቱ አድራሻ ሲጠይቅ ነው። የታሸገ ምግብ የአምራቹን ስምና አድራሻ፣ የተጣራ ክብደቱን፣ የተመረተበትንና የአገልግሎቱ ጊዜ የሚያበቃበትን ቀን፣ የባች ቁጥርም እንዲይዝ ሕግ ያዛል። ወንድም ፊቱን አጨማደደ።

“‘አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ’ ብለህ ጻፍ፤ ይበቃል። ስልክ አያስፈልግም፤ ሰው ሌት ተቀን ሲነዘንዘኝ ሊያድር ነው? ቀኑንም ባዶ ተወው፤ ስሸጥ እሞላዋለሁ። ስሙን ግን አስመዘግባለሁ። ስም ሀብት ነው። መንግሥት ለሲዳሞ፣ ለሐረርና ለይርጋ ጨፌ ቡና ስም ብሎ ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋር ተከራክሮ በ1999 ዓ.ም. አላስፈረመውም?”

“አስፈርሟል” አለች እህት። “እነዚያ ስሞች ግን ምንድን ናቸው? አገር አይደሉም? ይርጋ ጨፌ የሚል ቡና የጠጣ ሰው ከየት እንደመጣለት ያውቃል፤ ብሎ ብሎ ቢነሣ ደጃፉ ይደርሳል። አንተ ሸዋ ሮቢት የበቀለውን ማሾ አዲስ አበቤ አደረግኸው።”

ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ ተራውን የሚጠብቅ አንድ የአፋር ሽማግሌ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ወደ ወጣቱ ዞሮ “ይህ ወረቀት ሥራው ምንድን ነው?” ሲል ጠየቀ።

“አባባ፣ ዕቃው የማን እንደሆነ ይናገራል።”

“እኛም ግመላችን ላይ ምልክት አለ፤ ጎሳው በእሳት ያትማል። ግመሏ ጠፍታ ብትሄድ፣ ያገኛት ሰው ምልክቷን አይቶ ይመልሳታል። የሰው ማሽላ ገብታ ብትበላም ባለማሽላው ምልክቷን አይቶ ይመጣል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እንከፍላለን። ምልክቱ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሁለት ነው። ስትጠፋ ብቻ የሚሠራ፣ ስትበላ የማይሠራ ምልክት እስከ ዛሬ አላየሁም።”

ወንድም ሳቀ። “አባባ፣ የእኔ ማሾ የማንንም ማሳ አይገባም።”

ሽማግሌው መልስ አልሰጠም፤ ተራው ደርሶ ነበር።

ወንድም በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ስሙንና አንበሳውን በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ፤ ለሰባት ዓመት የሚጸና፣ ከዚያም የሚታደስ መብት አገኘ። የእህት ወረቀት ነጭ ሆና በትልልቅ ጥቁር ፊደል ተጻፈች፤ ጌጧ አንዲት አረንጓዴ መስመር ብቻ ናት። ከጀርባዋ ሸዋ ሮቢት የሚል አድራሻና ስልክ፣ ከሥሩ ደግሞ የታሸገበት ቀንና የጆንያው ቁጥር በእስክሪብቶ የሚሞላበት ባዶ ቦታ አለ።

ገበያው መጀመሪያ ላይ ለወንድም አደላ። መንገደኛው ከአውቶቡስ ወርዶ የሚያነሣው ባለ አንበሳውን ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴም “ይህ ነው ዕቃ!” ብሎ በካርቶን ጫነ። የእህት ማሾ የሚሸጠው ለሚያውቋት ነበር። በውስጧ ሳትቀና አልቀረችም።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ፤ ከሙቀቱ ጋር ነቀዝ። የማሾ ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው አንዳንዴ እህሉ ገና ማሳ ላይ ሳለ ነው። እጩ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ይመገባል፤ ሲታሸግ ፍሬው ሙሉና የሚያበራ ሆኖ ይታያል። በቆላው ሙቀት አንድ ወር ገደማ ሲሞላው ጥንዚዛው ፍሬውን በስቶ ይወጣል። የእህትና የወንድም ማሳ ድንበርተኛ ነው፤ ነቀዝ ደግሞ ድንበር አይጠይቅም።

የእህት ስልክ ጮኸ። ከደብረ ብርሃን አንዲት ሴት ናት፤ ተቆጥታለች። ሳይመሽ ከኮምቦልቻ አንድ ባለሱቅ ደወለ፤ እሱ ከቁጣ አልፎ ሰደባት። እህት ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። “ምን አቅብጦኝ ነው ስልኬን ያስጻፍኩት!” አለች። በማግስቱ ግን ለደወለው ሁሉ አንድ ጥያቄ ታቀርብ ጀመር፤ “እባክዎ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈችውን ቁጥር ያንብቡልኝ።” ሁሉም አንዲት ቁጥር አነበቡ። ጆንያዋን ታውቃታለች፤ ቆርቆሮው ሥር፣ ያልተጠረገ የአምና ትራፊ አጠገብ የከረመችው ናት። ከዚያች ጆንያ የወጣውን ከየሱቁ ሰበሰበች፤ ለገዙት በሌላ ተካች፤ ለትራንስፖርትም ከኪሷ አወጣች። ጎተራዋን ጠርጋ፣ አየር የማያስገባ ድርብርብ ከረጢት ገዛች። በዚያ ውስጥ ነቀዙ ያለውን አየር ይጨርስና መራባቱ ይቆማል።

ወደ ወንድሟም ሄደች። “ያንተንም ፈትሸው፤ ማሳችን ጎን ለጎን ነው።”

“እትዬ፣ እኔ ጋ አንድ ሰው እንኳ አልጮኸም። ተመስገን፣ ወቃሽ የለኝም።”

እውነቱን ነው፤ አንድም ሰው አልደወለም። በምን ይደውሉለታል? የተበሳ ማሾ የደረሰው ሰው “አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ” ወደሚል ደጃፍ ሄዶ ሊያንኳኳ አይችልም። ማሾውን ደፋው፣ ነገሩን ለጎረቤቱ ነገረው፤ አበቃ። ወንድም ዝምታውን እንደ ምስጋና ቆጥሮ ሲያሽግ ከረመ። ካርቶኖቹ ግን መውጣታቸውን ቀነሱ፤ ቀጥሎም ቆሙ። ከወራት በኋላ አንድ ባለሱቅ ዘንድ ገብቶ አንበሳውን መደርደሪያው ላይ አገኘው። የማሾ ማሳው ሰማያዊ ሆኗል።

“ምነው አልተሸጠም?”

ባለሱቁ የሚያናግረው ማንን እንደሆነ አላወቀም። “ወንድሜ፣ ሰው ሲገባ ‘ማሾ ስጠኝ፤ ባለ አንበሳውን ግን እንዳትሰጠኝ’ ይላል። ማንበብ የማይችለው እንኳ አንበሳውን ይለየዋል።”

ሥዕሉ አልከሸፈም ማለት ነው። የታዘዘውን በሚገባ ሠርቷል፤ ሰው አንዴ ካየው አይረሳውም። ወንድም ከሌባ ለመጠበቅ ያስመዘገበው ስምም እጁ ላይ አለ፤ አሁን ግን ሊሰርቀው የሚፈልግ ሌባ ጠፋ።

ወደ ወጣቱ ተመለሰ። “አዲስ ስም አውጣልኝ። አንበሳውን በነብር ቀይረው፤ ወርቁንም ጨምርበት።”

“ጋሼ፣ ነብር መሣል ለእኔ ከባድ አይደለም። ዳሩ ግን ነብሩም በተራው ‘ባለ ነብሩን እንዳትሰጠኝ’ ይባላል። ከፈቀዱልኝ አንበሳውን አንንካው። ተራራውን አውጥቼ ቦታውን ለአድራሻዎ ልስጠው።”

ወንድም ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። መጨረሻ ላይ ስልኩን ቁጥር በቁጥር እየጠራ አስጻፈ፤ ሸዋ ሮቢት ብሎም አስጨመረ። አዲሱ ስቲከር ገበያ በወጣ ሰሞን የደረሰው የመጀመሪያው ጥሪ “ያኔ ያበላሸኸኝ አንተ ነህ?” የሚል ነበር። “አዎ፣ እኔ ነኝ” አለ፤ ስንት ኪሎ እንደነበረም ጠየቀ። ደዋዩ ይህን አልጠበቀም፤ ድምፁ ለዘብ አለ። ንግዱ በአንድ ቀን አልተመለሰም፤ የተመለሰውም እንዲህ ባሉ ጥሪዎች፣ አንድ አንድ ኪሎ እየተተካ ነው።

ስለዚህ ለምርትህ መለያ የምታሠራ ሁሉ፣ አሳምረህ አሠራ፤ ዓይን የማይስብ እውነት መደርደሪያ ላይ ያድራልና። ነገር ግን “ሰው እንዲወደው ምን ልሣልበት?” ከማለትህ በፊት “ሊወቅሰኝ የፈለገ በየት በኩል ያገኘኛል?” ብለህ ጠይቅ። ለዚህ መልስ ባላት ወረቀት ላይ ወርቅ ቢጨመር ያምርባታል። መልስ የሌላት ከሆነች ግን፣ ወርቁ የሚያገለግለው ገዢው የትኛውን ትቶ እንደሚያልፍ እንዳይሳሳት ብቻ ነው።