ነገ የሚሄድ እንግዳ

ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ሰው ነገ ጠዋት ትቶት ለሚሄደው ቤት ዛሬ ማታ ምን ያህል መጠንቀቅ አለበት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ለእኔም ቀላል ይመስለኝ ነበር፣ ሐረና ደን ውስጥ ሁለት ሌሊት እስካድር ድረስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣቶች ኅብረታችን ከገሰራ ተነሥቶ ለጸሎትና ለቃል ጥናት ወደ ደኑ ሄደ። ሮቤን አልፈን ከጎባ ወደ ሳነቴ ወጣን፤ ከዚያም ወደ ሪራ ቁልቁል ወረድን። ያረፍንበት ስፍራ ኢኮ ሎጅ የሚባለው ዓይነት ነበር። ጎጆዎቹ ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር የተሠሩ ናቸው። በሩ ላይ ደንብ ተለጥፏል፦ እርጥብ እንጨት አትቁረጡ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እሳት አታንድዱ። አንብበን «ጥሩ ደንብ ነው» አልን።

ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና የተሰጠን ማገዶ ሲያልቅ ግን ከመካከላችን ሁለት ወንድሞች ወጥተው የአንዲት ኮሶ ወፍራም ቅርንጫፍ ቆርጠው መጡ። ማንም አልከለከላቸውም፤ እኔም አልከለከልኳቸውም። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠን ዘመርን። ከዘመርናቸው መዝሙሮች ብዙዎቹ በዚህ ምድር እንግዶች መሆናችንን የሚናገሩ ነበሩ።

ጠዋት አንድ ሽማግሌ መጡ። ንብ አናቢ ናቸው፤ በዛፎች ላይ ቀፎ ይሰቅላሉ። የቆረጥነው ቅርንጫፍ በየዓመቱ አንዱን ቀፎ የሚሰቅሉበት ነበር። ከመካከላችን አንዱ ደንግጦ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ግን እኮ ለማደሪያው ከፍለናል» አላቸው። እሳቸው አልተቆጡም። የተቆረጠውን ቦታ ቀና ብለው እያዩ በኦሮምኛ፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ነገ ትሄዳላችሁ፤ እኛና ንቦቹ እዚሁ ነን» አሉን።

ሌሊቱን «እንግዶች ነን» ስንል ያመሸን ሰዎች፣ እንግዳ መሆን ምን እንደሚጠይቅ የነገሩን እሳቸው ነበሩ።

እስቲ በመጀመሪያ ያደርንበትን ቤት እንመልከት። ሐረና በሀገራችን ከቀሩት ትልልቅ የዝናብ ደኖች አንዱ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከሳነቴ አምባ ወደ ደቡብ ስትወርዱ መጀመሪያ አስታ፣ ቀጥሎ ኮሶና ቀርከሃ፣ ዝቅ ስትሉ ደግሞ ዝግባና በዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለውን የዱር ቡና ታገኛላችሁ። ቀርከሃውን የሚበላው የባሌ ጦጣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

እኛ የገሰራ ልጆች ስንዴና ገብስ እያየን ያደግን ነን፤ ደኑ ከሳነቴ ማዶ ያለ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለናል። ነገር ግን ውኃውን ተከተሉት። ወይብ የሚነሣው ከእነዚሁ ተራሮች ነው። ከገሰራ በስተሰሜን በገደሉ ሥር ለሚያልፈው ለዋቤ ሸበሌም ተራሮቹ ውኃ ያዋጣሉ። ከሐረና በኩል የሚወርደው ወደ ገናሌ ይገባል፤ ገናሌም ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ሶማሊያ ሲደርስ ጁባ ይባላል። ደኑና ረግረጉ የክረምቱን ዝናብ ይዘው በበጋ ቀስ በቀስ ባይለቁት ኖሮ፣ ከታች ያለው እረኛ ከብቱን ምን ያጠጣ ነበር? ጌታ ባልንጀራህን ውደድ ሲል፣ አይተነው የማናውቀው ይህ የታችኛው አገር ሰውም ባልንጀራችን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እኔ በዚያ ጠዋት ከጥፋቱ ለማምለጥ ሁለት በሮች ፈልጌ ነበር። እናንተም ምናልባት ትፈልጓቸው ይሆናል።

አንደኛው በር «ከፍያለሁ» የሚለው ነው። ለኢኮ ሎጅ የሚከፍል ሰው ልቡ ይረጋጋል፤ አልጋ ብቻ ሳይሆን ንጹሕ ኅሊናም የገዛ ይመስለዋል። ክፍያው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአዳባና በዶዶላ የደን ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ደኑን የመጠበቅ ኃላፊነትንና በልኩ የመጠቀም መብትን በውል ተረክበዋል። በዚያው ደን በእግርና በፈረስ ለሚጓዙ እንግዶች ማረፊያ ቤቶች ተሠሩ፤ ፈረሱን የሚያከራየው፣ መንገዱን የሚመራው፣ ቤቱን የሚጠብቀው የአካባቢው ሰው እንዲሆንም ተደረገ። እንዲህ ያለ ክፍያ ቆሞ ያለ ዛፍ ከተቆረጠው ይልቅ ለደኑ ሰው እንጀራ እንዲሆን ያግዛል። ስለዚህ ለማደር ስትሄዱ «ገንዘቡ ለማን ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም የከፈልነው ለአልጋው፣ ለምግቡና ለተሰጠን ማገዶ ነው። የኮሶዋን ዋጋ የጠየቀን የለም፤ እኛም ብንጠየቅ ዋጋዋን አናውቅም ነበር። ገንዘብ መግባትን ይፈቅዳል እንጂ ጌታ አያደርግም።

ሁለተኛው በር ከዚህ ይልቅ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ስለዚህም ይበልጥ ያስፈራኛል። «ምድር ታልፋለች፤ እኛ የምንኖረው ለሰማይ ነው፤ ነፍሳት እየጠፉ ስለ ዛፍ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። ይህን የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች በየኅብረታችን አሉ፤ እኔም ብዬዋለሁ። ወንጌል መመስከር እንደሚቀድም አምናለሁ። ምድር የመጨረሻ ቤታችን እንዳልሆነችም አምናለሁ። ነገር ግን ከዚህ እውነት ተነሥተን የደረስንበት መደምደሚያ ትክክል ነውን? ነገ የሚሄድ እንግዳ የተኛበትን አልጋ ቢሰብር፣ «ነገ እሄዳለሁ እኮ» ማለቱ ጥፋቱን ያቀልለታል ወይስ ያከብደዋል? የቤቱ ባለቤት የሰበረውን ራሱ ይጠግናል፣ ጉድለቱንም ራሱ ይኖርበታል። እንግዳ ግን ጉዳቱን ለሌላው ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ እንግዳ ከባለቤቱ ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል እንጂ ከባለቤቱ ያነሰ መጠንቀቅ አይችልም።

መጽሐፍ ቅዱስም የእንግድነታችንን ነገር ሲያነሣ በዚህ አቅጣጫ ነው የሚወስደን። በዘሌዋውያን 25፥23 እግዚአብሔር መሬት ለዘላለም እንዳይሸጥ ሲከለክል፣ ምክንያቱ ምድሪቱ የራሱ ስለ ሆነች፣ ሕዝቡም በእርሱ ዘንድ እንግዶች ስለ ሆኑ ነው። በዘዳግም 20፥19 ደግሞ ከተማ ከብቦ የሚዋጋ ሠራዊት እንኳ የሚያፈሩትን ዛፎች በመጥረቢያ እንዳያጠፋ ታዝዟል። ሠራዊት አላፊ ነው፣ በዚያ ላይ ጦርነት ላይ ነው፤ ትእዛዙ ግን ለእርሱም ተሰጥቷል። የሰማይና የምድርን ማለፍ የሚነግረን የ2ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 3 ራሱ ወዲያው የሚጠይቀን በቅድስና እንዴት ልንኖር እንደሚገባን ነው። እንደ ፈለጋችሁ ኑሩ አይለንም።

ከሁሉ ይልቅ የወቀሰኝ 1ኛ ጴጥሮስ 2፥11-12 ነው። ሐዋርያው አማኞች እንግዶችና መጻተኞች ስለ ሆኑ፣ በሌሎች መካከል ኑሮአቸው መልካም እንዲሆን ይለምናቸዋል፤ ሰዎች መልካሙን ሥራ አይተው እግዚአብሔርን እንዲያከብሩ። እኚያ ሽማግሌ የእኛን እምነት የሚከተሉ አልነበሩም። ማታ ዝማሬያችንን ከቤታቸው ሆነው ሰምተው ይሆናል፤ ጠዋት ደግሞ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ አዩ። ከሁለቱ የትኛውን ምስክርነት እንዲያምኑ እንጠብቃለን?

ምናልባት «የደኑ ሰዎችስ አይቆርጡም ወይ? ደኑን ለእርሻ የሚመነጥረው ማን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይመነጠራል፤ ሐረናም ዳር ዳሩን እየሳሳ ነው። ግን ፍርዳችን ቅን ይሁን። በየመንገዱ ከሰል ተደርድሮ ስናይ ሻጩን «ደን አጥፊ» እንለዋለን፤ ያንኑ ከሰል ገዝተን በየቤታችን ቡና እናፈላበታለን። እርሱ የሚሸጠው ለልጆቹ እህል ለመግዛት ነው። እኛ ደግሞ ስንዴ ስለምናመርት ዛፍ ያልቆረጥን ንጹሐን ይመስለናል፤ የምናርሰው ሜዳ ትናንት ምን እንደ ነበር ግን አንጠይቅም። ከከተማ መጥቶ አንድ ሌሊት በንጹሕ ጎጆ ያደረ እንግዳ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከደኑ ጋር የኖረውን ሰው ከመውቀሱ በፊት የራሱን ማድ ቤት መመርመር አለበት።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ የቆረጡት ሁለቱ ወንድሞችና እኔ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ይቅርታችንን ተቀብለው ቡና አጠጡን። ያዋጣነውን ገንዘብ ስናቀርብላቸው፣ ይልቅስ ቀፎውን ሌላ ዛፍ ላይ ለመስቀል እንድናግዛቸው ለመኑን። የመጨረሻውን የጥናት ሰዓታችንን ገመድ በመሳብ አሳለፍነው። ቅርንጫፉ ግን አልተመለሰም፤ ይቅርታ የቆረጡትን እንጂ የተቆረጠውን አይመልስም።

ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ቀን እናንተም በኅብረታችሁ ወደ ሐረና ወይም ወደ ሌላ ደን ትሄዱ ይሆናል። ሂዱ፤ የእግዚአብሔርን ሥራ ማየት መልካም ነው። ማገዶአችሁን አስቀድማችሁ አስቡ፣ ደረቅ ልብስ ያዙ፣ ላስቲካችሁን ሰብስባችሁ ተመለሱ፤ ቡናና ማር ስትገዙ ከአካባቢው ሰው ግዙ። ዋጋ ስትከራከሩም ማሩ በማን ዛፍ ላይ እንደ ተሠራ አስታውሱ። ስትዘምሩ ደግሞ ከጨለማው ወዲያ የሚሰማችሁ ሰው እንዳለ አትርሱ።

በዚህ ሳምንት በኅብረታችሁ ስትገናኙ ይህን አንድ ነገር ተወያዩበት፦ ነገ የምንሄድ እንግዶች መሆናችንን በእውነት የምናምን ከሆነ፣ እዚሁ የሚቀረው ሰው ከሄድን በኋላ ስለ እኛ ምን ይላል?