ለማያውቁት ፊት ስም መስጠት

በየትምህርት ቤቱ፣ በየማኅበሩ፣ በደርግ ዘመንም በየቀበሌው የኪነት ቡድን ስንት ቴአትር ታይቷል! ከዚያ ሁሉ የተረፈን በየሣጥኑ የተቀመጠ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው፤ በጀርባውም ብዙ ጊዜ ምንም አልተጻፈበትም። ቴአትሩ ምን ይባል ነበር? ያ ካባ ለብሶ የቆመውስ ማነው? እያልን እንጠይቃለን። ነገር ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እርግጠኛ ሳይሆኑ ለሰው ፊት ስም መስጠት ተገቢ ነው ወይ?

እስቲ ማስረጃ የምንለውን እንመርምር። ልብሱ አይታመንም፤ አማተር ቡድን አንዱን ካባ ዛሬ ለንጉሥ፣ ነገ ለዳኛ ያለብሳል። ፊቱም አይታመንም፤ የሃያ ዓመት ወጣት የጥጥ ጢም ለጥፎ ሽማግሌ ይሆናል። «ይቺ ልጅ ማናት?» ስንልም፣ በቀድሞው የትምህርት ቤት መድረክ ሴት ሆነው ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ልጆች መሆናቸውን እንዘነጋለን። በጀርባው «1967» የሚል ብናገኝስ? በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ንጉሡ መስከረም 2 ቀን ከዙፋን የወረዱበት ዓመት ነው። በፈረንጅ ከሆነ ግን 1959 ወይም 1960 ዓ.ም. ይሆናል፤ ያኔ ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። አንድ ቁጥር፣ ሁለት መንግሥት!

አንዳንዶች «ስም የለሽ ሆኖ ከሚቀር በግምትም ቢሆን ይጻፍለት» ይላሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ያ ሰው ያለ ደሞዝ፣ ከሥራው በኋላ እያመሸ ቃሉን ያጠና ነው። ከስሙ ሌላ ምን ክፍያ አለው? ይሁን እንጂ ባዶ ቦታ ያየ ሰው ይጠይቃል፤ የተጻፈ ስም ያየ ግን አምኖ ያልፋል። በዚህ መሐል አንዱ ያልሠራውን ይወርሳል፣ ሌላው የሠራውን ይነጠቃል።

ሌላም ጣጣ አለ። በአብዮቱ ዘመን መፈክር ሥር እጁን አንሥቶ የቆመው ተዋናይ በውድ ይሁን በግድ እንደወጣ ፎቶው አይነግረንም። ቴአትሩን ሳናውቅ ስሙን ብቻ ብንጽፍ፣ የገጸ ባሕርዩን ንግግር የራሱ አድርገን ለልጆቹ እናወርሳለን።

ታዲያ ዝም እንበል? የለም። የሚያስታውሱት አዛውንት በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ግዴታችን ነው። ስንጠይቅም «ይህ እገሌ ነው አይደል?» አንበል፤ በይሉኝታ «አዎ ልጄ» ይሉናልና። «ይህ ማነው?» እንበል፤ ያውም ለየብቻ። የነገሩንን በእርሳስ፣ ከተናጋሪው ስምና ከቀኑ ጋር እንጻፍ። ሁለት ሰዎች ሁለት ስም ቢሰጡን ሁለቱም ይቀመጡ። ያላወቅነውንም «አልታወቀም» እንበል። ባለቤቱ ወይም የልጅ ልጁ አንድ ቀን መጥቶ ቢነግረን፣ ስሙ የሚጻፍበት ቦታ ይኑር።