ራስን ማታለል ውሸት ነውን?

ከጮቄ ተራራ ሥር ያደረ ሰው ብርድን ያውቃል። ዳሩ ግን ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሜርኩሪን ያቀዘቀዘው ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ነበር። የጮቄ ውርጭ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ምድጃ ዳር እንደ መቀመጥ ነው። በዚያ ብርድ ሜርኩሪው ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች መሰናክል አሳለፈ። ሱፐርኮንዳክቲቪቲ የሚሉት ይህንን ነው።

በኋላ ደግሞ ቶፖሎጂ መጣ። ቀለበት ቢጣመም፣ ቢለጠጥ፣ እስካልተቆረጠ ድረስ ቀዳዳው አይጠፋም። በአንዳንድ ቁሶች ውስጥ የኤሌክትሮኖች አኳኋንም እንዲሁ ነው፤ ጥቂት ጉድፍ አያናውጠውም። ሁለቱ ጠባዮች በአንዲት ቀጭን ሽቦ ቢገናኙ፣ ጣሊያናዊው ማዮራና በ1937 ያሰበው ዓይነት እንግዳ ነገር በሽቦዋ ጫፎች ላይ ይገኛል ተባለ። በእርሱም በቀላሉ የማይሳሳት ኮምፒዩተር ይሠራል ተብሎ ተስፋ ተጣለ፤ ማይክሮሶፍትም ገንዘቡን አፈሰሰ።

በ2018 የዴልፍት ተመራማሪዎች «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ምልክቱን አየን አሉ። በሥዕሉ ላይ መስመሩ ንድፈ ሐሳቡ ከተነበየው ከፍታ ደርሶ ቀጥ ብሏል። ቀድሞ በዚያው ቤተ ሙከራ የሠሩት ፍሮሎቭና ሙሪክ ግን ያልታተመውን ልኬት አስመጥተው ቢመለከቱ፣ መስመሩ ከተባለው ከፍታ አልፎ ሲወጣ አገኙት። ያ ክፍል ከሥዕሉ ቀርቷል። በ2021 ጸሐፊዎቹ ይቅርታ ጠይቀው ጽሑፋቸውን አነሱ። ነገሩን የመረመሩት ባለሙያዎችም ሆን ተብሎ የተፈበረከ ነገር አላገኙም፤ ሰዎቹ በጊዜው ሆይታ ተወስደው ነው አሉ።

እንግዲህ ውሸት የሚባለው ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ የተናገረው ብቻ ከሆነ፣ እነዚህ ሰዎች አልዋሹም። እኔ ግን በዚህ አልረካም። የቀረውን ክፍል ያስቀረው እጅ ሲያስቀር አይቶታልና። ያየውን «ይህ እንኳ የመሣሪያው ስሕተት ይሆናል» ብሎ አልፎታል እንበል። ይህን ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ከራሳችን ኑሮ እናውቀዋለን፤ ለዚህ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም።

ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኜ ይህን ሳሰላስል በዲማና በደብረ ኤልያስ ያለው የቅኔ ቤት ሥርዓት በሐሳቤ ይመጣል። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ይቆጥራል። ኋላ ግን ከመምህሩ ፊት ቀርቦ መንገር አለበት። ቤት ያልመታውን፣ ምሥጢሩ የተፋለሰውን ደብቆ ያማረውን ብቻ ልንገር ቢል መምህሩ ጉድለቱን በጆሮው ይይዘዋል። ይህ ሁሉ ተማሪው አታላይ ነው ተብሎ አይደለም፤ ቅኔ ለዘራፊው ምንጊዜም ውብ ስለሆነች ነው።

የዴልፍቶቹን ጥፋት የማየው እዚህ ላይ ነው። መሳሳታቸውን አልነቅፍም። ልኬቱን ሁሉ፣ ያንን ውጤት ከማይመኝ ሰው ፊት አስቀድመው አልነገሩትም። ነገራው የተፈጸመው ጽሑፉ ታትሞ፣ ዓለም አጨብጭቦ ካበቃ በኋላ ነበር።