የተከፈተ በር

አልፍሬድ ዋሊስ ብሩሽ ያነሣው ሚስቱ ሱዛን ካረፈች በኋላ፣ ዕድሜው ወደ ሰባ ሲጠጋ ነው። ሱዛን የሞተችው በ1922 ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዋሊስ በወጣትነቱ በሸራ መርከብ አትላንቲክን ተሻግሮ እስከ ኒውፋውንድላንድ ሄዷል። ኋላም በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዎል፣ ሴንት አይቭስ በምትባል ትንሽ ወደብ ተቀምጦ አሮጌ ገመድ፣ ሸራና ብረት እየገዛ ይሸጥ ነበር። እኛ አገር ቢሆን ቆራሌው እንለው ነበር። ሥዕል ያስተማረው ሰው የለም። ለምን እንደጀመረ ሲጠየቅ፣ ብቸኝነቱን እንዲያስረሳው ነው ይል ነበር።

ሴንት አይቭስ ብዙ ሰው ለጥቂት ሰዓት ወርዶ የሚያያት ከተማ ናት። እኔም የወረድኩት በሁለት ባቡሮች መካከል ባለው ጊዜ ነው። ከሴንት ኧርዝ የሚነሣው ባቡር ባሕሩን እየታከከ ይሄዳል፤ መስመሩ ከ1877 ጀምሮ ይሠራል፤ ርዝመቱ ሰባት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከጣቢያው ወጥቶ ቁልቁል ያየ ሰው የመጀመሪያ ነገሩ ዝም ማለት ነው። ከተማዋ ወደ ባሕር በገባ ጠባብ መሬት ላይ ስለተቀመጠች ውሃው በግራም በቀኝም አለ፤ አሸዋው ነጣ ያለ ነው፤ ብርሃኑ ከሰማይ ወርዶ ከውሃውና ከአሸዋው እየተመለሰ በግራናይት ግድግዳዎቹ ላይ ያርፋል። ሠዓሊዎች የመጡት ለዚህ ብርሃን ነው ይባላል። ሠዓሊው ዊስለር በ1884 ገደማ ክረምቱን እዚህ ሲሥል አሳልፏል፤ ከእሱ በኋላ ብዙዎች ተከትለዋል።

ብርሃን ብቻውን ግን ሠዓሊ አያስቀምጥም፤ ቤትም ያስፈልጋል። የቤቱ ታሪክ ደግሞ ከዓሣው ጋር የተያያዘ ነው። ሴንት አይቭስ ለረጅም ዘመን የኖረችው በሰርዲን ነበር። ከገደሉ አናት ላይ የቆመ ጠባቂ ባሕሩ በዓሣ መንጋ ሲጠቁር ይጮኻል፤ ጀልባዎቹ መረብ ይዘው ይወጣሉ፤ የተያዘው ዓሣ በምድር ቤቶች በጨው ተደርድሮ፣ ዘይቱ ተጨምቆ፣ በበርሜል እየታሸገ ወደ ጣልያን ይላካል። ከዚያ መንጋው ቀረ። መረብ የሚጠገንባቸውና ሸራ የሚሰፋባቸው ሰፋፊ ሰገነቶች ባዶ ሆኑ፤ ኪራያቸው ወረደ፤ ሠዓሊዎቹ ገቡባቸው። ዛሬ ጎብኚ ፎቶ የሚያነሣው ያ ሁሉ ውበት አንድ እንጀራ ከተቋረጠ በኋላ የተረፈ ነው። ይህን ሳያስቡ በዚያች ከተማ መመላለስ የሚቻል አይመስለኝም።

በፖርትሚዮር ባሕር ዳርቻ ያለው ትልቅ ሕንፃ ሁለቱንም ዘመን አንድ ላይ ይዞ ቆሟል። ከታች ዓሣ አጥማጆች እስከ ዛሬ ዕቃቸውን ያስቀምጣሉ፤ ከላይ ሠዓሊዎች ይሠራሉ። የላይኞቹ መስኮቶች ወደ ሰሜን፣ ወደ አትላንቲክ ያያሉ። ከሰሜን የሚገባ ብርሃን ፀሐይ በቀጥታ ስለማትመታው ቀኑን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ ሠዓሊም የሚመኘው ይህንኑ ነው። ሠዓሊው ቤን ኒኮልሰን እዚያ ሠርቷል፤ ሌላው ሠዓሊ ፓትሪክ ሄሮንም። የጨውና የቀለም ሽታ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲኖር የተወሰነበት ቀን የለም፤ እንዲያው ኑሮ አጋጠማቸው።

ወደ ዋሊስ ልመለስ። በነሐሴ 1928 ይኸው ቤን ኒኮልሰንና ክሪስቶፈር ውድ የሚባል ሌላ ወጣት ሠዓሊ ለአንድ ቀን ሴንት አይቭስን ሊያዩ መጡ። ባክ ሮድ ዌስት በምትባል መንገድ ሲያልፉ አንድ በር ክፍት ነበር። ወደ ውስጥ ሲያዩ በግድግዳው ላይ በምስማር የተመቱ ትናንሽ ሥዕሎች አዩ፤ መርከቦች፣ ወደብ፣ የባሕር መብራት ማማ፣ ማዕበል። አንኳኩ፤ ገቡ። ዋሊስ በዚያ ሰፈር ስንት ዓመት ኖሯል፤ ያ ሁሉ ሰው በደጁ አልፏል። ያየው ግን ከሌላ ቦታ መጥቶ ማታውን የሚመለስ መንገደኛ ነው። ለጥቂት ሰዓት የመጣ ሰው አገር አያውቅም ሲባል ስሰማ እነዚህ ሁለቱ ይመጡብኛል።

የዋሊስ መርከቦች የተሣሉት ከሱቅ በተገኘ ካርቶን ላይ ነው፤ ካርቶኑ ጠማማም ቢሆን ጎኑን አያስተካክለውም፤ በጠማማው ውስጥ ባሕሩን ያስገባዋል። ቀለሙም የጀልባ ቀለም ነው። ጥቁር አረንጓዴ፣ ቡኒ፣ ግራጫና ነጭ ይበዛዋል፤ አንዳንዴ ያልተቀባው የካርቶኑ ቆዳ ራሱ መሬት ይሆናል። የሚሥለው በፊቱ ያለውን ሳይሆን የቀረውን ነው። የሸራ መርከቦቹ ሄደው በቦታቸው የእንፋሎቶቹ ገብተው ነበርና፣ በእጁ የያዘውን ገመድ፣ የወጣበትን ምሰሶ ከትዝታው ያወጣዋል። መርከቡ ትልቅ ከሆነለት ቤቶቹ ከሥሩ እንደ ጠጠር ያንሳሉ፤ ዓሣው ከጀልባው ሊበልጥ ይችላል። ቅርብና ሩቅ ለሱ የዓይን ጉዳይ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከዘንዶውም ከሕዝቡም ልቆ እያየን ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም፤ የከበረው ይተልቃል። ሥዕሎቹ ፊት ስቆም ማብራሪያ ያላስፈለገኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ኒኮልሰንና ውድ ያዩትን ለወዳጆቻቸው ነገሩ። ጂም ኢድ የሚባል የሥነ ጥበብ ሰው ከለንደን ሆኖ ሥዕሎቹን በፖስታ እያስላከ ገዛ፤ ዛሬ ካምብሪጅ ባለው ኬትልስ ያርድ በሚባል የሥዕል ማሳያ ቤት ተሰብስበው ይታያሉ። ዋጋቸው ግን ሳንቲም ነበር። ስሙ በለንደን ሠዓሊዎች ዘንድ እየታወቀ ሳለ ሰውየው በዚያችው ቤት በድህነት አረጀ፤ በመጨረሻም ማድረን ወደሚገኘው የድኾች ማደሪያ ተወስዶ በ1942 እዚያው ሞተ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም። ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ያየ ሁሉ የሚበላ አያቀርብም።

ወዳጆቹ ግን በድኾች መቃብር እንዲጣል አልፈቀዱም። መቃብሩ በባርኑን፣ ከፖርትሚዮር በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው። ሸክላ ሠሪው በርናርድ ሊች፣ በ1920 ከጃፓናዊው ሸክላ ሠሪ ከሃማዳ ሾጂ ጋር በከተማዋ የሸክላ መሥሪያ ያቋቋመው፣ የመቃብሩን መክደኛ በሸክላ ሰድር ሠራለት። በሰድሩ ላይ ምርኩዝ የያዘ ትንሽ ሽማግሌ ግዙፍ በሆነ የባሕር መብራት ማማ በር ሊገባ ሲል ይታያል። የልኩ ነገር እዚህም እንደ ዋሊስ ነው፤ ሊች በሟቹ ቋንቋ ሠራለት። ከዚያ ዳገት ሥር በ1993 የተከፈተው የቴት ሙዚየም ቆሟል።

ሠዓሊዎቹ ሲያልፉ ያዩት በር ክፍት የነበረው ውስጡ ሰው ስለኖረበት ነው። ዛሬ በዚያ ሰፈር ስዘዋወር ብዙው በር ተዘግቶ፣ ከጎኑ ቁልፍ የሚቀመጥባት ትንሽ ሣጥን ተሰቅላለች፤ ለእረፍት የሚከራዩ ቤቶች ናቸው። ከነሱም ሌላ ባለቤቶቻቸው ሌላ ከተማ እየኖሩ በበጋ ብቻ የሚመጡባቸው አሉ። ብርሃኑን ፍለጋ የመጣነው እኛው ቤቱን አስወድደነዋል፤ ለአንድ ከሰዓት የመጣሁትም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። የከተማዋ ነዋሪዎች በ2016 በሕዝበ ውሳኔ፣ ድምፅ ከሰጡት ከ80 በመቶ በላይ ደግፈውት፣ አዲስ የሚሠሩ ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርባቸው ሰው ብቻ እንዲሆኑ ወሰኑ። ትክክል አድርገዋል እላለሁ። ደንቡ ግን አዲሶቹን ብቻ ነው የሚመለከተው፤ በባክ ሮድ ዌስት ያሉትን አሮጌዎቹን አይነካም። ዛሬ በፖርትሚዮር ምድር ቤት መረቡን የሚያስቀምጥ ዓሣ አጥማጅ ከነዚያ አንዱን ልግዛ ቢል አቅሙ የሚፈቅድለት አይመስለኝም።