ጥንዱን ሳይነጣጥሉ መቀበል፦ ለሁለት ጥንቸሎች ቤትን ስለ መክፈት

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸል ቢያመሰኳም ሰኮናው ስላልተሰነጠቀ ከማይበሉት እንስሳት ወገን ተቆጥሯል፤ ይህንንም ሥርዓት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን እስከ ዛሬ በማዕዳቸው ይጠብቁታል። ይሁን እንጂ ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 7 ስለ ጥፋት ውኃ ሲናገር፣ ንጹሕ ያልሆኑት እንስሳትም ተባዕትና እንስት እየሆኑ በጥንድ በጥንድ ወደ ኖኅ መርከብ መግባታቸውን ይመሰክራል። ከማዕድ የተለየው ፍጥረት ከምሕረት አልተለየም፤ ወደ ምሕረትም በተጠራ ጊዜ ከጓደኛው ጋር እንጂ ብቻውን አልተጠራም።

ይህ የመርከብ ሥርዓት ዛሬ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የእንስሳት መጠለያዎች ውስጥ ምሳሌ አለው። የእንስሳት መጠለያ የሚባለው የተጣሉ፣ ባለቤት ያጡ ወይም ከጭካኔ የተወሰዱ እንስሳት አዲስ አሳዳጊ እስኪያገኙ ድረስ የሚቆዩበት ስፍራ ነው። በእነዚህ አገሮች ጥንቸል የፋሲካ በዓል ምልክት ሆኖ ስለሚታይ፣ አንዳንድ ወላጆች በበዓሉ ሰሞን ለልጆቻቸው በስጦታነት ይገዙትና ልጁ ሲሰለች ወደ መጠለያ ይሰጡታል፤ ከዚህም የከፋው ወደ ሜዳ ይለቁታል። ሰው ያሳደገው ጥንቸል ግን በዱር ራሱን መጠበቅ የማይችል በመሆኑ ብዙውን ጊዜ የአውሬ፣ የመኪና ወይም የረኃብ ሲሳይ ይሆናል። ይህን በደል ለመካስ ከተነሡት መካከል ማሪኔል ሃሪማን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1985 ጥንቸልን በቤት ውስጥ ስለ ማኖር የሚያስተምር መጽሐፍ ያሳተመች ሲሆን፣ በ1988 ደግሞ ሃውስ ራቢት ሶሳይቲ የተባለው የጥንቸል ተቆርቋሪዎች ማኅበር በካሊፎርኒያ ተመሥርቷል።

መጠለያዎቹ ሳይነጣጥሉ አብረው የሚሰጧቸው የተላመዱ ጥንዶች የሚባሉት ጎን ለጎን የሚተኙ፣ አንዱ የሌላውን ራስ እየላሰ የሚያጸዳ፣ ከአንድ የድርቆሽ ክምር አብረው የሚበሉ ሁለት ጥንቸሎች ናቸው። የቤት ጥንቸል ሁሉ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከአውሮፓ የዱር ጥንቸል ነው፤ ይህም እንስሳ ከመሬት በታች በተቆፈሩ ጉድጓዶች ከወገኖቹ ጋር በማኅበር የሚኖር ስለሆነ፣ ብቸኝነት ከተፈጥሮው ጋር አይስማማም። ሆኖም ጥንቸል ስፍራውን አጥብቆ የሚጠብቅ በመሆኑ ሁለት እንግዶች በድንገት ቢገናኙ ክፉኛ ይናከሳሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ሁለቱም በሕክምና ዘር እንዳይተኩ ይደረጋሉ፤ ቀጥሎ በሽቦ አጥር ተለያይተው ጎረቤት ሆነው ይቆያሉ፤ በመጨረሻም ባላጋራዎችን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች በአንዱም ደጅ ሳይሆን በዛፍ ጥላ ሥር እንደሚያስቀምጧቸው፣ አንዳቸውም የእኔ በማይሉት ስፍራ ይገናኛሉ። ይህ ሥራ ከጥቂት ቀናት እስከ ብዙ ወራት ይወስዳል። እንዲህ በትዕግሥት የተገነባን ሰላም፣ አንዱ በመልኩ ስላማረ ወይም ቦታ ስለጠበበ ብቻ ለይቶ በመውሰድ ማፍረስ፣ በምጽዋት ስም የሚፈጸም በደል ነው። ጥንቃቄው እስከዚህ ድረስ ይሄዳል፦ ከጥንዱ አንዱ ታሞ ወደ ሐኪም ብቻውን ቢወሰድ፣ ሲመለስ ባዕድ ጠረን ይዞ ስለሚመጣ ጓደኛው እንደ እንግዳ ሊቆጥረው ይችላል፤ ስለዚህ አሳዳጊዎች ጤነኛውንም አብረው እንዲወስዱ ይመከራሉ።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት የሚሰጠውን ብቻ ሳይሆን የሚቀበለውን ጠባይ መመርመር የምሕረት ግዴታ መሆኑ ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ሳያቋርጥ ያድጋል፤ እየሞረደ የሚያሳጥረውም ድርቆሽና ሣር ማኘክ ስለሆነ፣ ከምግቡ አብዛኛው ይኸው መሆን ይገባዋል። በፍቅር ስም ብስኩትና ጣፋጭ ፍራፍሬ የሚያበዛለት ሰው ጥርሱንም አንጀቱንም ይጎዳል። እንደዚሁም ጥንቸል በአዳኞች የሚታደን ፍጥረት ስለሆነ፣ በድንገት ከመሬት ሲያነሡት በጭልፊት የተያዘ ያህል ይደነግጣል፤ የሚወደውም እጁን ዘርግቶ የሚያነሣውን ሳይሆን ወለል ላይ ዝቅ ብሎ የሚጠብቀውን ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ጩኸትን ሳይጠብቁ መድረስ ነው። የታመመ ጥንቸል፣ ድካሙ ለአዳኝ እንዳይገለጥ፣ ሕመሙን ይሰውራል። ግማሽ ቀን ያህል ሳይበላ መቆየቱ የአንጀቱ ሥራ መቆሙን ሊያመለክትና ለሞት ሊያደርሰው ይችላል፤ ስለዚህ አሳዳጊው የሚያውቀው ከልቅሶው ሳይሆን ሳይነካ ከቀረው ድርቆሽ ነው። በሰዎችም መካከል ችግሩን በይሉኝታ ሸፍኖ የሚኖር ጎረቤት ጥቂት አይደለም። እርሱንም የሚያገኘው እስኪለምን ድረስ የሚጠብቅ ሰው ሳይሆን፣ ከቤቱ ጭስ መጥፋቱን አይቶ ደጁን የሚያንኳኳ ሰው ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ትምህርት ፊተኛውን ስፍራ ስለማትጠይቅ ፍቅር ነው። ተላምዶ የመጣ ጥንድ ወደ አዲስ ቤት ሲገባ ፍቅሩ አስቀድሞ በመካከሉ ስላለ፣ ሰው ያበላቸዋል፣ ይጠርግላቸዋል፣ ይጠብቃቸዋል እንጂ የልባቸው መጀመሪያ አይሆንም። ይህን የማይችል ሰው እንስሳውን ሳይሆን መወደዱን ፈልጓል። የሚችል ግን፣ ሁለቱ በደስታ ዘለው በአየር ላይ ሲጠማዘዙ ባየ ጊዜ፣ የራሱ ባልሆነ ደስታ መደሰትን ይማራል። በትዳር፣ በልጅ አስተዳደግና በአገልግሎት የሚፈለገውም ፍቅር ይኸው ነው። ከ8 እስከ 12 ዓመት ሊዘልቅ የሚችል አደራ ስለሆነም በአንድ በዓል ስሜት ሊጀመር አይገባውም።

ሰው እየተራበ ለጥንቸል ማሰብ ተገቢ ነውን የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። የሰው ልጅ በእግዚአብሔር አርአያ ስለተፈጠረ ቅድሚያ አለው፤ ለእንስሳ እየተጨነቀ ወንድሙን የሚያልፍ ሰውም ምሕረትን ገና አላወቀም። ነገር ግን ምእመናን በየዓመቱ በጾመ ነነዌ የሚያስቡት የነቢዩ ዮናስ መጽሐፍ የሚጠናቀቀው፣ እግዚአብሔር ስለ ከተማይቱ ሕዝብ ብቻ ሳይሆን ስለ እንስሳቷም መራራቱን በመግለጽ ነው። ምሕረት ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው የሚያልቅ አይደለም፤ በየማለዳው ድርቆሽ ለመሙላትና ውኃ ለመለወጥ የሠለጠነ እጅ ለሰውም ለመዘርጋት ይቀልለዋል።

እንግዲህ በባሕር ማዶ የሚኖሩ፣ ልጆቻቸው ጥንቸል እንዲገዛላቸው የሚጠይቋቸው ወላጆች፣ ከገበያ አንዱን ከመግዛት በፊት ወደ መጠለያ ይሂዱ፤ ለዓመታት የሚጸና ጊዜ፣ ገንዘብና ቦታ ከሌላቸው በእውነት እምቢ ይበሉ፤ ካላቸው ግን ጥንዱን ሳይነጣጥሉ ይቀበሉ። አምላክ ወደ መርከብ በአንድነት ያስገባውን በደጃቸው አይለዩ።