ጕድጓድን ስለ መክደን

ሰው ክፉ ሳያስብ፣ እጁንም በማንም ላይ ሳያነሣ፣ ከቸልታው ብቻ የተነሣ በባልንጀራው ሀብት ወይም ሕይወት ላይ ለሚደርሰው ጥፋት በእግዚአብሔርና በኅሊናው ፊት ይጠየቃልን? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚመረመረው በታላላቅ ጥፋቶች፣ በመርከብ መስጠምና በከተማ መቃጠል ላይ ተመሥርቶ ስለ ሆነ፣ አንባቢው ጕዳዩ እርሱን የማይነካው መስሎት ያልፈዋል። እኔ ይህንኑ ጥያቄ ዝቅ ባለ ስፍራ፣ ክዳን በሌለው በአንድ በርሜል አጠገብ ቆሜ ልመረምረው እወዳለሁ፤ በበርሜሉም ውስጥ ያለው፣ ለዓይን ንጹሕ ውሃ የሚመስለው ነገር፣ በውሃ የተበጠበጠ ዩሪያ ነው።

ይህን መምረጤ ያለ ምክንያት አይደለም። መርዝነቱ የታወቀውን ነገር ሰው ሁሉ በፍርሃት ይጠነቀቀዋል፤ በፍርሃት የሚደረግ ጥንቃቄ ደግሞ ስለ ጠንቃቃው ጽድቅ የሚመሰክረው እጅግ ጥቂት ነው። ዩሪያ ግን የዋህ ነገር ነው። ቆዳ ላይ ቢፈስ በውሃ ታጥቦ ይሄዳል፤ ዓይን ቢነካ ቢያቃጥልም በብዙ ውሃ ደጋግመው ሲያጥቡት ይበርዳል፤ በእሳት አጠገብ ቢቀመጥ እንደ ናፍጣ አይነድም፤ በእያንዳንዳችንም ደም ውስጥ ሌሊትና ቀን ይመላለሳል። ስለዚህ የዩሪያን ውሃ በጥንቃቄ የሚይዝ ሰው የሚጠነቀቀው ለራሱ ቆዳ ሠግቶ ሳይሆን፣ ከእርሱ በኋላ ወደዚያ ስፍራ ለሚመጣው፣ ምናልባትም ፈጽሞ ለማያውቀው ፍጥረት አስቦ ነውና፣ የጥንቃቄን ባሕርይ ከፍርሃት ለይቶ ለመመልከት ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

የዚህ ነገር ታሪክም ከፍልስፍና የራቀ አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ሂሌር ሩዌል እ.ኤ.አ. በ1773 ከሽንት ለይቶ ካወጣው በኋላ፣ ከሕያዋን አካል የሚገኘውን ነገር ሕያው ኃይል ካልታከለበት የሰው እጅ ሊሠራው አይችልም ተብሎ በሚታመንበት ዘመን፣ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1828 ያንኑ ዩሪያ ያለ ኩላሊትና ያለ ደም፣ ሕይወት ከሌላቸው ነገሮች በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሠርቶ አሳየ። በዚህም በሕያውና በግዑዝ መካከል የታጠረው አጥር መነቃነቅ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1922 ወዲህም አሞኒያንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብርቱ ግፊትና ሙቀት እያዋሐዱ በፋብሪካ ማምረት ተቻለ። በዚህ ነገር የፈጣሪ ክብር የተቀነሰ ለሚመስለው ሰው የምመልስለት፣ የፈጣሪ ክብር እንዳለ መኖሩንና የተጨመረው የሰው ዕዳ መሆኑን ነው፤ ዩሪያ ከፍጥረት አካል ብቻ ይወጣ በነበረበት ጊዜ መጠኑን የሚወስነውና የሚወገድበትንም የሚያዘጋጀው ተፈጥሮ ነበር፤ ዛሬ ግን በመርከብና በባቡር ተጭኖ የሚዞር የእጃችን ሥራ ሆኗልና፣ የት እንደሚያድርና ማን እንደሚያገኘው የምንጠየቀው እኛ ነን።

የሰውነታችን አሠራርም በዚህ ጕዳይ የሚያስተምረን ነገር አለው። ከምንበላው ሥጋና ጥራጥሬ የሚተርፈው ናይትሮጅን አሞኒያ እንደ ሆነ በደማችን ውስጥ ቢከማች ኖሮ አእምሮን አደንዝዞ በገደለን ነበር፤ ሃንስ ክሬብስና ኩርት ሄንሰላይት እ.ኤ.አ. በ1932 እንደ ገለጹት ግን፣ ጉበት ያንን አስፈሪ ነገር በተራ በተራ እየለወጠ ወደ የዋሁ ዩሪያ ይመልሰዋል፤ ኩላሊትም ወደ ውጭ ይሸኘዋል። በሚያመሰኩ እንስሳት ጨጓራ ውስጥ ሥራው ተገልብጦ ይገኛል። በዚያ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ዩሪያውን እንደ ገና ወደ አሞኒያ ይፈቱታል፤ ጥቂት በጥቂት የመጣ እንደ ሆነ ለራሳቸው ምግብ ያደርጉትና በኋላም ለከብቱ ሥጋና ወተት ይሆናል፤ ባንድ ጊዜ በብዛት የገባ እንደ ሆነ ግን አሞኒያው ከተሕዋስያኑ ችሎታ አልፎ ወደ ደም ይፈስና፣ ከብቱ ይንቀጠቀጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ሆዱ ይነፋል፣ በጥቂት ሰዓታትም ውስጥ ይሞታል።

እንግዲህ ክፋቱ ከወዴት ነው? ዩሪያው ክፉ ነው እንዳንል ለእርሻችን ማዳበሪያ፣ ለከብቱም በልክ ሲሰጥ መኖ ነው፤ ጨጓራው ክፉ ነው እንዳንል የማይፈጨውን ገለባ ወደ ወተት የሚለውጥ ድንቅ ፍጥረት ነው። የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው ምእት ዓመት ስለ ስድስቱ ዕለታት ፍጥረት በሰበካቸው ድርሳናት፣ ለሰው መርዝ የሆኑ ዕፀዋት ለአንዳንድ ወፎች ምግብ መሆናቸውን አንሥቶ፣ የሚጎዳን ሁሉ በከንቱ ወይም ለክፋት እንዳልተፈጠረ ያስረዳል። የእርሱን ነገር ተከትለን ብንሄድ የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው፤ በፍጥረት ውስጥ ክፉ ባሕርይ የለም፤ ጥፋት የሚወለደው ሁለት መልካም ነገሮች ያለ ልክና ያለ ቦታቸው ሲገናኙ ነው። ልክንና ቦታን ማወቅ ደግሞ ከፍጥረታት ሁሉ ለሰው የተሰጠ ሥልጣን ነውና፣ ክፋትን ከበርሜሉ ባናገኝም በርሜሉን ባኖረው ሰው ዘንድ ልንፈልገው ግድ ይሆናል።

በአገራችን የግብርና ባለሙያዎች ለገበሬው እንደሚያስተምሩት፣ ለ100 ኪሎ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ እስከ 100 ሊትር በሚደርስ ውሃ ተበጥብጦ ይረጭበትና፣ በጕድጓድ ወይም በላስቲክ ታፍኖ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ከዚያም ተከፍቶ የአሞኒያው ሽታ እስኪወጣ ከተናፈሰ በኋላ፣ ድርቆሽ ባጠረበት ወራት ለከብት ብርታት ይሆናል። ይህ በእውነት የተባረከ ዕውቀት ነው። ነገር ግን ከአምስቱ ኪሎ የተበጠበጠው ውሃ በየሊትሩ 50 ግራም ዩሪያ ይይዛል፤ ዩሪያ ያልለመደ ከብት ደግሞ በክብደቱ በየኪሎው ከ0.3 እስከ 0.5 ግራም ባንድ ጊዜ ቢወስድ ይመረዛል። ስለዚህ 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ ከዚያ በርሜል ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ቢጠጣ ይበቃዋል፤ ከእርሻ ተፈትቶ የመጣ የተጠማ በሬም ይህን ያህሉን ቀና ሳይል ይጨልጠዋል። አቼቶ የሚባለውን ሆምጣጤ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጎ ማጠጣት በጊዜው ከተደረሰ ያድናል፤ ሆኖም በሌሊት የጠጣውን በሬ የሚያየው ማን ነው? ከብጥበጣው የተረፈውን መድፋት፣ ወይም በርሜሉን ከድኖ በላዩ ድንጋይ መጫን የሚፈጀው ጊዜ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ከማድረስ አይበልጥም፤ ባለመደረጉ የሚጠፋው ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመት እርሻ ነው።

ከዚህም የበረታ የዩሪያ ውሃ አለ። በአሜሪካ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ዴፍ፣ በአውሮፓ ያሉት ደግሞ አድብሉ እያሉ በየማደያው የሚቀዱት፣ 32.5 በመቶው ዩሪያ የቀረውም የተጣራ ውሃ የሆነ ፈሳሽ ነው፤ ይህ መጠን የተመረጠው ብጥብጡ በብርድ የሚረጋበት ደረጃ ከሁሉ ዝቅ ብሎ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ስለሚሆን ነው። በጋለው የጭስ መውጫ ውስጥ ሲረጭ ወደ አሞኒያ ይለወጥና፣ የናፍጣውን ጭስ ጎጂ ተን ወደ ናይትሮጅንና ወደ እንፋሎት ይመልሰዋል፤ በሬውን የሚገድለው ያው አሞኒያ በዚህ ስፍራ የሕፃናትን ሳንባ ይጠብቃል ማለት ነው። በዚህ ፈሳሽ በአንዱ ሊትር ውስጥ 350 ግራም ያህል ዩሪያ ስላለ፣ ለዚያ በሬ ግማሽ ሊትሩ ብቻ አስጊ ይሆንበታል። መዳብንና ነሐስን ይበላል፤ ተራውንም ብረት ያዝገዋልና በማይዝግ ብረት ወይም በፕላስቲክ ዕቃ መቀመጥ አለበት፤ ፀሐይ በሚያግለው በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲቆይ አሞኒያ እየተነነ ዓይንንና ጕሮሮን ይለበልባል፤ በወለል ላይ የፈሰሰው ያንሸራትታል፤ ወደ ወንዝ የተደፋው አልጌን ያለ ልክ አብቅሎ ዓሣውን አየር ያሳጣል፤ ከሁሉም ይልቅ ከበረኪና ጋር በአንድ ዕቃ ቢገናኝ የሚፈነዳ ነገር ሊወልድ ይችላልና፣ በረኪና የነበረበትን ጀሪካን ለዚህ ማዋል ፈጽሞ የማይገባ ነው። አንድ ነገር ጨምሬ ልናገር፦ ይህን ፈሳሽ በመጠጥ ውሃ ዕቃ ቀድቶ ስሙን ሳይጽፍ ማስቀመጥ በእኔ ፍርድ የሐሰት ምስክርነት ወገን ነው፤ ዕቃው ለሚያየው ሁሉ ውሃ ነኝ ብሎ ይመሰክራልና።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እመጣለሁ። በርሜሉን ከፍቶ ያደረ ሰው በሬው ሲሞት «ቀኑ ደርሶ ነው፤ እግዚአብሔር ያላለው አይሆንም» ይላል፤ ጎረቤቶቹም ሊያጽናኑት ብለው ይህንኑ ይደግሙለታል። ይህ ንግግር ከትዕግሥትና ከእምነት የሚፈልቅ በመሆኑ ልንቀው አልደፍርም፤ ሐዘንተኛን ያጸናል፣ ሰውንም ከማማረር ያድናል። ነገር ግን ከጥፋቱ በኋላ ለመጽናናት የተሰጠንን ቃል ከጥፋቱ በፊት ለስንፍናችን መጋረጃ ስናደርገው እምነት መሆኑ ይቀራል። በማቴዎስ ወንጌል እንደ ተጻፈው፣ ጌታችን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ፣ ፈታኙ የጠቀሰለት ስለ መላእክት ጥበቃ የተነገረውን የመዝሙር ቃል ነበር፤ ቃሉም እውነተኛ ቃል ነው። ጌታ ግን ጥበቃውን ሳይክድ እግዚአብሔርን መፈታተንን እንቢ አለ። ክዳኑን ሊከድን ሲችል ትቶ «እርሱ ይጠብቀዋል» የሚል ሰው በጫፉ ላይ ቆሞ የሚወረውረው ራሱን እንኳ አይደለም፤ የጎረቤቱን ከብትና የጎረቤቱን ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለውንም መታመን ብዬ ልጠራው አልችልም።

ኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ ስለዚህ ነገር ሁለት ሕግጋትን አቀራርቦ ያኖራል፤ የመጀመሪያውን ጥያቄአችንንም የሚፈቱልን እነርሱ ይመስሉኛል። አንደኛው ጕድጓድ ቆፍሮ ወይም ከፍቶ ሳይከድነው ስለ ተወ ሰው ነው፤ የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን ይከፍላል፣ በድኑም ለእርሱ ይሆናል፤ ማሰቡንም አለማሰቡንም፣ ማወቁንም አለማወቁንም ሕጉ አይጠይቀውም። ሁለተኛው ስለ ተዋጊ በሬ ነው፤ በሬው ሰው ቢገድል ባለቤቱ አስቀድሞ ያላወቀ እንደ ሆነ ንጹሕ ነው፤ ተዋጊነቱ ተነግሮት ያልጠበቀው እንደ ሆነ ግን ፍርዱ እስከ ሞት ይደርስበታል። ከዚህ የምረዳው ዕዳና ኃጢአት ሁለት መሆናቸውን ነው። ዕዳ ጥፋቱን ይከተላል፤ ሳያውቅ በርሜሉን ክፍት የተወ ሰውም የሞተውን በሬ ዋጋ ከመክፈል አያመልጥም፤ ባልንጀራው የጎደለበት በሬ በእርሱ አለማወቅ አይሞላምና። ኃጢአት ግን ዕውቀትን ይከተላል፤ የተነገረውና የተረዳው፣ ከዚያም በኋላ የዘነጋው ሰው ከዕዳው በላይ የነፍስ ሸክም አለበት።

እንዲህ ከሆነ ሸክሙ ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ ፋብሪካ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ዕውቀት ያለው ወደ ላይ ነው። አምራቹ ሁሉንም ያውቃል፤ በዕቃውም ላይ ይጽፈዋል፤ ነጋዴው ግን ከታላቁ በርሜል ወደ ዘይት ጀሪካን እየቀዳ፣ ያን ጽሑፍ ከኋላው ትቶ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ምንም ሳይናገር ሲሸጥ፣ ተዋጊነቱ የተነገረውን በሬ በገበያ መካከል የለቀቀ ሰው ሆኖ ይታየኛል። ባለሙያውም ብጥበጣውን አስተምሮ ስለ ተረፈው ውሃ ዝም ብሎ ከሄደ ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም። አባወራው ከተነገረው በኋላ የቸልታውን ያህል ይጠየቃል። በመጨረሻው ጫፍ ያለው እረኛው ልጅ፣ ከብቶቹን ውሃ ወደ መሰለው ነገር ያስጠጋው እርሱ ቢሆንም፣ በዕዳውም በኃጢአቱም ድርሻ የለውም፤ ሆኖም በሬው በወደቀ ቀን ቁጣውና አለንጋው አስቀድሞ የሚያርፈው በእርሱ ጀርባ ላይ ነው። የነፍስ አባት የሆነ ካህን እንዲህ ያለ አባወራ ለንስሐ ቢመጣለት፣ ጾምና ስግደት ከማዘዙ በፊት ስለ በሬው ዋጋ ከባለቤቱ ጋር መጨረሱን ይጠይቀው፤ ቀጥሎም ያን ልጅ ጠርቶ ይቅር በለኝ ማለቱን ይጠይቀው።